የጂንስ ጉርድ ለእማማ እታለም

መስከረም 9 ቀን 2017 ዓ.ም.
መርካቶ፣ ተክለ ሃይማኖት ጀርባ

ይድረስ ለእትዬ ሸዋርካብሽ፣ ኢስታንቡል

እንዴት እንደምጀምር ስለጠፋኝ ከሚያሳፍረኝ ልጀምር። ስልክ ደውለው «ፋናን አቅርቡልኝ» ሲሉ «ሱቅ ተልካለች» የሚባሉት ውሸት ነው። በሩ ኋላ ቆሜ ነው። ድምፁ ተለቆ ሁሉም እያየኝ ማውራት አልችልም፤ ምላሴ ይተሳሰራል። ወንድምዎ ጋሼ ማሙሸት «እንግዲያው ጻፊላት፤ ስምንተኛ ክፍል የደረስሽው ለምን ነበር?» ብለውኝ ነው ይህን የምጽፈው። የምትወስደው ሱሀይር ናት፤ ዱባይ ተራ ሱቅ ያላት፣ ከእናንተ ዘንድ ጂንስ የምታመጣው። «ወረቀት ኪሎ አይበላም፣ አምጪው» አለችኝ።

ጤናዎ እንዴት ነው? በወጡ በገቡበት የእመቤታችን ጥላ አይለይዎ። እኛ በቸርነቱ ውለን እናድራለን።

እርስዎ ሲሄዱ ገና ልጅ ሆኜ አገር ቤት ስለነበርኩ አያስታውሱኝም። እናቴ የአጎትዎ ልጅ ናት። ከአገር ቤት የመጣሁት እናትዎን እማማ እታለምን ላግዝ ነበር፤ አሁን ግን ቀኑን የማሳልፈው ጋሼ ማሙሸት ልብስ የሚነክሩበት ቤት ነው። ጠዋት በርሜሎቹ ሥር እሳት አያይዛለሁ። ውሃው ሲፈላ እሳቸው ቀለሙንና ጨዉን ይጨምራሉ፣ እኔ በዱላ አማስላለሁ። ሰው ነጥቶ ያለቀ ጂንሱን ያመጣል፣ ሰማያዊ ሆኖ ይመለስለታል። ኀዘን የደረሰበት ደግሞ ያለውን ልብስ በፌስታል ጠቅልሎ ይመጣል፣ ጥቁር እንነክርለታለን። እጄ እስከ ክርኔ ሰማያዊ ሆኗል። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ በነጠላዬ እሸፍነዋለሁ።

ባለፈው ሶሬሳ የሚባል ተሸካሚ ጉልበቱ የተቀደደ ጂንስ ይዞ «ስፉልኝና ንከሩልኝ» ብሎ መጣ። እሱ ተራ ሲጠብቅ አንድ ዘመናዊ ልጅ ገና ያልታጠበ ጂንስ አምጥቶ «ጉልበቱን ቅደዱልኝ» አለ። ሶሬሳ ከላይ እስከ ታች አየውና፣ «ወንድሜ፣ ለምን ብርህን ታጠፋለህ? ከእኔ ጋር ሦስት ቀን ስኳር ተሸከም፣ በነፃ ይቀደድልሃል» አለው።

«ፋሽን አይገባህም» አለው ልጁ።

«ኧረ ገብቶኛል፤ በጉልበቴ በኩል ነው የገባኝ።»

ጎረቤቱ ሁሉ ሳቀ። ጋሼ ማሙሸት የአንዱን ሰፍተው፣ የሌላውን ቀድደው፣ ሁለቱንም አስከፈሉ።

እማማ ደህና ናቸው። ወገባቸው ስለጎበጠ ያለ ምርኩዝ አይራመዱም፤ ጉልበታቸውንም ብርድ ይበላቸዋል። ቢሆንም ለመስቀል አገር ቤት ካልወረድኩ ብለዋል፣ ማንም ሊያስቀራቸው አልቻለም።

ጉልበትዎን ስሜ፣
የእህትዎ ልጅ ፋና


ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.
ኢስታንቡል

በር ኋላ ለምትቆመው ለፋና

እደጊልኝ። ያ ሰማያዊ እጅሽ ይባረክ። ደብዳቤሽን በሻይ ዕረፍቴ ሁለቴ አነበብኩት፤ የሶሬሳን ነገር ለጓደኞቼ ብተረጉምላቸው እነሱም ሳቁ። እንግዲህ ተሸካሚ በየአገሩ አለ።

በመጀመሪያ ይህን «እርስዎ» ተዪልኝ። እዚህ በስሜ የሚጠራኝ የለም። «አብላ» ነው የሚሉኝ፣ ታላቅ እህት ማለት ነው፤ ሳያውቁኝ ሁሉም ታናናሾቼ ሆነዋል። አንቺ እንኳ አንቺ በይኝ።

ሥራዬን ማንም ጠይቆኝ አያውቅምና ልንገርሽ። ከመሬት በታች ያለ ትልቅ ክፍል ነው። ጂንሱ ተሰፍቶ ሲመጣልን እንደ ቆርቆሮ የደረቀ፣ ጥቁር ሊሆን ምንም ያልቀረው ሰማያዊ ነው። እኛ ጭኑንና ጉልበቱን እንጨት በሚያለሰልሱበት የብርጭቆ ወረቀት እንፈገፍገዋለን፤ ከዚያ ከድንጋይ ጋር ይታጠባል። ሰው አሥር ዓመት የለበሰው እስኪመስል አይለቁንም። እናንተ መርካቶ አሮጌውን አዲስ ታደርጋላችሁ፣ እኛ እዚህ አዲሱን እናስረጃለን፤ አንድ ቀን ሁለታችን አንዱን ሱሪ ተቀባብለነው ይሆናል።

አለቃችን ግድግዳው ላይ የድሮ ፎቶ ለጥፏል። አካፋ የያዙ፣ ፊታቸው አፈር የለበሰ ነጮች ናቸው። መጀመሪያ ጂንስ የለበሱት እንደነዚህ ያሉ ማዕድን ቆፋሪዎች ነበሩ ይላል፤ ኪሱ ዳር ላይ ያለችው የመዳብ ቁልፍም የተመታችው በድንጋይ ክብደት እንዳይተረተር ነው። ያን ጊዜ ድሃ ለብሶ ያስረጀው ነበር። አሁን ሳይለብሰው ያስረጀዋል።

በአንቺ ዕድሜ ሳለሁ በመጀመሪያ ደመወዜ ከቦንዳ ጂንስ ገዛሁ። እናቴ «ወይ ሱሪው ወይ እኔ» አለች። እኔም በቀሚሴ ሥር ለብሼው እወጣና ቀሚሱን ጎረቤት ሱቅ አውልቄ እሄድ ነበር። የደረሰችበት ቀን አልመታችኝም። ሁዳዴን ሙሉ አላናገረችኝም። ዱላ ቢሆን ረስቼው ነበር። እዚህ ከመጣሁ በኋላ ግን በስልክ ምን አለችኝ መሰለሽ፤ «ሱሪ ልበሺ እንጂ ልጄ፣ ብርድ ነው አሉ።»

ከመስቀል ስትመለስ ምን እንደምትበላ፣ እንዴት እንደምትተኛ ጻፊልኝ። ለፋሲካ ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ ከተሳካ ስድስት ዓመት ያላየሁትን ፊቷን አያለሁ። ለዚህ ብቻ ነው የምፈገፍገው።

ሸዋርካብሽ


ኅዳር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.
ይህ አይላክም

እትዬ ሸዋርካብሽ፣ እማማ ዐረፉ። ጥቅምት 19 ቀን፣ አገር ቤት። ሊመለሱ ዕቃቸውን ካሰሩ በኋላ ትኩሳት ጣላቸው፤ ተጠርቼ ወርጄ አስታመምኳቸው፣ ሳምንት አልቆዩም። እዚያው ተቀበሩ።

ከቀብር ስንመለስ ጋሼ ማሙሸትና የዕድሩ ዳኛ ጋሼ ዘውገ ተቀምጠው ተመካከሩ። «መርዶ በስልክ አይነገርም፣ በወረቀትም አይነገርም» አሉ ጋሼ ዘውገ። «በሰው አገር ብቻዋን ብትሰማ ማን ይይዛታል? ለፋሲካ ትመጣ የለ? ቤቷ ተቀምጣ፣ በማለዳ፣ ዘመድ ከቧት ይነገራታል።» ጋሼ ማሙሸት በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔን ማንም አልጠየቀኝም፤ ደብዳቤ የምጽፈው ግን እኔ ነኝ።

ጋሼ ማሙሸት ጥቁር አልለበሱም። ጥቁር ከለበስኩ ዱባይ ተራ ያያል፣ ዱባይ ተራ ካየ ኢስታንቡል ይሰማል አሉ። ስለዚህ የአገሩን ሰው ሁሉ ጥቁር እየነከሩ እሳቸው በዚያው ቡኒ ሹራባቸው ይውላሉ። ዛሬ የሌላ ሰው የኀዘን ቀሚስ ከበርሜሉ ሲያወጡ ዱላውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። ልጠይቃቸው ስል፣ «ጨው አንሶታል» አሉኝ። ጨው አላነሰውም ነበር።

አሁን የሚላከውን ልጻፍ።


ኅዳር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.
መርካቶ

ለእትዬ ሸዋርካብሽ

አንቱታውን ተዪ ስላልሽኝ እየሞከርኩ ነው፤ እጄ ግን ይፈራል። ሰላም ያክርምሽ፣ ብርዱን ያቅልልሽ። እማማ ገና አገር ቤት ናቸው። እዚያ ኔትወርክ የለም።

ስለ ጂንስ የጻፍሽልኝን ለጋሼ ማሙሸት ሳነብላቸው እሳቸውም የራሳቸውን ነገሩኝ። አንቺ ጡት ሳትጥዪ የሆነ ስለሆነ አታውቂው ይሆናል።

በደርግ ጊዜ ነው። በድሬዳዋ ባቡር ተደብቆ ከመጣ ዕቃ ውስጥ እግሩ እንደ ደወል የሰፋ ጂንስ ገዙ። ያን ለብሰው የቀበሌ ስብሰባ ገቡ። ሊቀመንበሩ ከመድረክ አይቷቸው፣ «ተነሥ! ይህ ሱሪ የማን ነው?» አለ።

«የእኔ ነው።»

«አይደለም፤ የኢምፔሪያሊዝም ነው።»

«ይሁን ጓድ ሊቀመንበር፤ የከፈልኩት ግን እኔ ነኝ።»

አዳራሹ ሊስቅ ብሎ ፈራ። ሊቀመንበሩ ለሚመጣው እሑድ በካኪ ካልመጣህ ወዮልህ ብሎ አስቀመጣቸው። ቤት ሲደርሱ እማማ ለአባታችሁ ኀዘን ልብስ የነከሩበት ጥቁር ውሃ ገና አልተደፋም ነበር። ጂንሱን ከእጃቸው ነጥቀው ከተቱት። «አባትህን ታለቅስበታለህ፤ ኀዘንተኛን ማን ይናገራል?» አሉ። እውነትም የተናገራቸው የለም። ይህን ያዩ ጓደኞቻቸው በማታ በማታ ጂንሳቸውን በጋዜጣ ጠቅልለው ይመጡ ጀመር። «በሁለት ወር ውስጥ» አሉ ጋሼ ማሙሸት፣ «የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ አባቱ የሞተበት መሰለ።» ሥራቸውን የጀመሩት እንዲህ ነው።

ይህን ሲነግሩኝ ብዙ ሳቁ። ከዚያ ወደ ውጭ ወጡ።

ፋና


ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.
ኢስታንቡል

ለፋና

ጤና ይስጥሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉንፋን ቢጤ ይዞኝ አልለቀኝም። አቧራው ነው። አብራኝ የምትኖረው ኤልሳቤት በየማታው ጦስኝ ታፈላልኛለች፤ አሁንስ ራሴ ጦስኝ ሆንኩ።

የጋሼ ማሙሸትን ታሪክ አልሰማሁም ነበር። እናቴ ለእሱ ጂንስ ነክራ አድናው ለእኔ ጊዜ ሁዳዴን ሙሉ ዝም! ስመጣ እጠይቃታለሁ።

ግን ፋና፣ ደብዳቤሽ ሦስት ገጽ ነው፤ እናቴ ያለችበት ሁለት መስመር ብቻ ነው። ለጋሼ ስደውልም «ደህና ናት» ይልና ሰው የሚጠራው ይመስል ይቸኩላል። ሰው ሲደብቀኝ አውቃለሁ። ወድቃ ወገቧ ተሰብሮ ይሆን? ተኝታ ቀርታ ይሆን?

ከሱሀይር ጋር አንድ ጉርድ ልኬያለሁ። ማጠቢያ ያበላሸውን ጂንስ እንድንወስድ ስለሚፈቅዱልን የሁለት ሱሪ እግር ተርትሬ፣ ገጥሜ ሰፋሁት። ርዝመቱ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ነው፤ ውስጡን ሙቀት እንዲይዝ ገበር አድርጌበታለሁ። ሱሪ አይደለም፣ ቄሱም አይቆጧት። አልብሻትና ፎቶ አንሻት። በስልክ አይደለም፤ የታተመ ይሁን፣ ከአልጋዬ በላይ እሰቅለዋለሁ። ቆማ ካላየሁ አላምንም።

እዚህ አሸዋ ክፍል የሚሉት አለ። አሸዋ በአየር ግፊት እየተረጨ ጂንሱን ያነጣዋል፤ ክፍያው ከእኛ ይሻላል። አለቃው ግቢ ግቢ ይለኛል። እዚያ የነበሩ ሁለት ሴቶች አሁን አንድ ደረጃ ሲወጡ ሦስት ጊዜ ይቀመጣሉ። እምቢ ብዬዋለሁ፤ ከፋሲካ በፊት መታመም አልፈልግም።

ሸዋርካብሽ


ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.
ይህም አይላክም

ጉርዱን ያለበሱት እኔን ነው።

ጋሼ ዘውገ ናቸው ያሰቡት። «ከጀርባ ትነሣ፤ ነጠላ ትከናነብ፣ ምርኩዝ ትያዝ። ሦስት ወር አይሞላም፤ ፋሲካ ደረሰ» አሉ። ጋሼ ማሙሸት አልከለከሉም። ተክለ ሃይማኖት አጥር ሥር ወሰዱኝ።

«ጎንበስ በይ» አሉ ጋሼ ዘውገ ስልካቸውን ደግነው። ጎነበስኩ። «ኧረ በዛ! ሽንኩርት የምትለቅሚ መሰልሽ። እንደ ትልቅ ሰው ጎንበስ በይ።» ጉርዱ ከባድ ነው፣ ይሞቃል። የስፌቱ ክር ሁለት ሁለት ጊዜ የተመላለሰ ነው፣ እንዳይለቅ። ሳየው እንባዬ መጣና ፊቴን በነጠላው ለመጥረግ ዞር ዞር አልኩ። ስለዚህ ብዙዎቹ ፎቶዎች ላይ ጉንጬ ታየ። ምንም ፊት ያልታየበት አንዱ ብቻ ነው፤ እሱ ላይ ግን ቀጥ ብዬ ቆሜያለሁ። «ይሄው ይሁን» አሉ ጋሼ ዘውገ። ፎቶ ቤት ሄዶ ታተመ።


ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.
መርካቶ

ለእትዬ ሸዋርካብሽ

ጉንፋንሽን ይማርልሽ። ያልሽው ፎቶ ይኸውና፤ ጉርዱን አገር ቤት ወስጄላቸው ነው የተነሡት። ፊት ለፊት መነሣት አልተቻለም። ጉርዱ ልክ ነው፤ ስፌቱን ያየ ሁሉ አድንቋል። ሌላ የምጽፈው የለኝም፤ ይቅርታ አድርጊልኝ።

ፋና


የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.
ኢስታንቡል

የእኔ ፋና

የዓይንሽን ብርሃን ይጠብቅልኝ! ሱሀይር ፖስታውን ስትሰጠኝ እዚያው መንገድ ላይ ቀደድኩት። ወገቧ! ወገቧ ቀጥ ብሏል እኮ! ምን ጠበል ነው ያገኘችው? ኤልሳቤትን ቀሰቀስኳት። «እናትሽ ከአንቺ ትሻላለች» አለችኝ። እውነት ነው፤ እኔ ጠዋት ስነሣ ግድግዳ ይዤ ነው። ፊቷን አለማዞሯም ራሷ መሆኗን ያሳያል፤ ፎቶ መቼ ወዳ ታውቃለች?

ያሰብኩትን ደጋግሜ አሰብኩት። ለፋሲካ አልመጣም። የመጣሁ እንደሆነ የመኖሪያ ፈቃዴም የሥራ ቦታዬም ያበቃል፤ ተመልሼ የምገባበት የለኝም። ለመምጣት የቸኮልኩት ሳላያት ትሞትብኛለች ብዬ ነበር። እንዲህ ከቆመች ግን ሁለት ዓመት ትጠብቀኛለች። አሸዋ ክፍሉን እሺ ብዬዋለሁ። ከፋሲካ በኋላ ባለው ሰኞ እገባለሁ። ሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ አፌን በጨርቅ አስራለሁ። ከዚያ ደረጃ የሌለው፣ ሽንት ቤቱ ውስጥ የሆነ ቤት እከራይላትና አብሬያት እቀመጣለሁ።

ደክሞኛል ፋና። ግን ፎቶውን አያለሁ፣ እነሣለሁ።

ሸዋርካብሽ


መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ እሑድ
መርካቶ

እትዬ ሸዋርካብሽ፣

ይህ ወረቀት እጅሽ የሚገባው በአፍ ከሰማሽ በኋላ ነው። ኤልሳቤት አጠገብሽ ናት፣ ሱሀይርም አለች። ካልሆነ እንዳይሰጥሽ እለምናለሁ።

ፎቶው ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። ወገቡም የእኔ ነው። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ወገብ ስለሆነ ነው ቀጥ ያለው። እባክሽ ከግድግዳው አውርጂው።

የየካቲቱን ደብዳቤሽን ለጋሼ ማሙሸት ያነበብኩላቸው ትናንት ማታ ነው። ሱሀይር ያመጣችው በዚህ ሳምንት ነበር፤ እኔ ደግሞ ለሁለት ቀን በኪሴ ይዤው ዞርኩ። «አልመጣም» የሚለው ላይ ስደርስ፣ «እንግዲያው እንጠብቃለን» አሉ።

«ሁለት ዓመት ነው እኮ ጋሼ።»

«ምን ላድርግ? በስልክ ላርዳት?»

«አሸዋ ክፍል ልትገባ ነው።»

«ሰምቻለሁ፣ አትድገሚው» አሉ። ከዚያ ጫማቸውን ማሰር ጀመሩ፤ የሚሄዱበት ግን አልነበራቸውም። በመጨረሻ፣ «ጋሼ ዘውገን እናማክራለን። መርዶ የሽማግሌ ነው፤ ልጅ መርዶ አትልክም» አሉኝ። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። አንቺ የምትልኪውን አንዲት ብር አልነኩም፤ ለተዝካሩ አንቺ ስትመጪ ብለው አስቀምጠውታል። የፈሩት ብቻሽን እንዳትወድቂ ነው። እኔ ደግሞ የምፈራው ሳታውቂ እንዳትወድቂ ነው። ትናንት ማታ ይህን ልነግራቸው ፈልጌ አልቻልኩም።

የመጨረሻ ቀናቸውን ልጻፍልሽ፣ እኔ ነበርኩ ያስታመምኳቸው። አልተሠቃዩም። ትኩሳቱ ጋብ ባለ ቁጥር አልጋቸውን ወደ በሩ አስጠጉልኝ ይሉ ነበር፣ የሚያልፈውን ለማየት። ጎረቤት በሬ ሲነዳ «ያ ቀዩ የማን ነው?» ብለው ጠየቁኝ፤ የማን እንደሆነ አላውቅም አልኳቸው። «እንግዲያው ጠይቂ እንጂ» ብለው ተቆጡኝ። ወጥቼ ጠይቄ ስመለስ ተኝተው ነበር። ቄስ በጊዜ ደርሷል። የቀብሩ ቀን ዝናብ አልነበረም፤ ሰዉ ብዙ ነበር፤ እናቴ በአንቺ ስም ሙሾ አወረደችላቸው። በስምሽ ስታለቅስ አንቺ የቆምሽበትን ቦታ የሚመስል ክፍት ቦታ ከፊት ለፊት ተውን።

የነገውን ወስኛለሁ። ሱሀይር ማክሰኞ ትበራለች። ስለ እማማ አታውቅም፤ ያን ጊዜ እዚያው እናንተ ጋ ነበረች። ሱቋን የምትከፍተው ሁለት ሰዓት ስለሆነ ቀድሜ ዱባይ ተራ ደረጃው ላይ እቆማለሁ። ኤልሳቤትን እንድትፈልግ፣ ሁለት ሦስት ሴቶች ሆነው በማለዳ፣ ሥራ ሳትወጪ፣ አልጋሽ ላይ ሳለሽ እንዲገቡ እነግራታለሁ። የእስላም ልጅ ብትሆንም መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃለች። ከዚያ ተመልሼ ለጋሼ ማሙሸት ልኬያለሁ እላቸዋለሁ። ይቆጡ ይሆናል፤ ወደ እናቴም ይመልሱኝ ይሆናል።

ለሱሀይር የምላት ሁለት ዐረፍተ ነገር ነው። እማማ እታለም ሞተዋል። ሸዋርካብሽ አታውቅም። ነገ ስሄድ መንገዱን ሙሉ እለማመደዋለሁ።

ልጅሽ ፋና